ሳይነበብ የተፈረመ ዕዳ



ሰሞኑን እዚሁ ሐራ አንዲት መምህርት እህታችን ከእናቷ ጋር ወደ ቤታችን መጣች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሁለት ዓመት አስተምራለች። አሁን ልቧ ወደ ነርስነት ሸፍቷል። ከ2013 መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አካባቢያችንን ባዳረሰ ጊዜ ጤና ተቋማት ተዘርፈው፣ ቁስለኛና ወላድ ሰው አጥተው ማየቷ ከውስጧ አልወጣም።

እናቷ ሙያውን አልጠሉም። ሩፈይዳ አል-አስለሚያ በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰሉትን ሰዕድ ኢብን ሙዓዝን በመዲና መስጂድ በተተከለው ድንኳኗ ማስታመሟን ከእኛ ይልቅ እሳቸው አሳምረው ነገሩን። የከበዳቸው ሌላ ነው፦ «ኡስታዝ፣ የፊተኛው ዕዳ ሳይወርድ ሁለተኛ ልትሸከም ነው!»

ዕዳው ሕዝቡ «ኮስት ሼሪንግ» የሚለው ወጪ መጋራት ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሁሉ የምግቡንና የመኝታውን፣ ከትምህርቱም ወጪ ከፊሉን ሊከፍል ውል ይፈርማል። ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፈላል። ለመምህርነት የሠለጠነ ግን በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት እንዲከፍል ደንቡ መንገድ አበጅቷል። እንግዲህ እህታችን ጠመኔ በያዘች ቁጥር ዕዳዋ ይቀንስ እንደሆነ፣ ዛሬ ብትለቅስ ምን ያህል በገንዘብ እንደሚቀርባት የሚነግራት ውሉ ነው።

ውሉ የት አለ? ብንላት ቅጂው የላትም። አላነበበችውምም። ልንቆጣ ስንል የራሳችን ታወሰን። በመድረሳ ከቁርኣን አንቀጾች ረጅሙን፣ ዕዳ በጽሑፍና በምስክር እንዲያዝ የሚያዘውን የበቀራ 282ኛ አንቀጽ በቃላችን ይዘን፣ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ግን ያንኑ ውል በተዋስነው እስክሪብቶ ሳናነብ ፈርመናል!

እናቲቱ ስለ ጀናዛው ሐዲስ አነሡ። እውነት ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባለዕዳ በሆነ ሰው ላይ አቡ ቀታዳ ዕዳውን እስኪረከቡ ድረስ አልሰገዱም። ኋላ አላህ ሲሳዩን ሲከፍት ግን መክፈያ ሳይተው የሞተን አማኝ ዕዳ ራሳቸው ይረከቡ ነበር። ይህን ስንላቸው ትንሽ ቀለላቸው።

ልጅቷ ለግል ኮሌጁ ክፍያ በወለድ ከሚያበድር ሰው ጋር መነጋገር ጀምራ ኖሯል። ይህን በአንድ ቃል ዘጋነው። የእናቷ የወርቅ አምባር ይሸጥ የሚለውን ግን መዝጋት አልቻልንም፤ ማስላት እንጂ። የስንት ወር ደመወዝ ይቀርባታል? ኮሌጁ ዕውቅና አለው? ደሴን በመሰሉ የመንግሥት ጤና ሳይንስ ኮሌጆች ለእሷ የሚሆን ቦታ ይገኝ እንደሆነ ተጠይቋል? ከምርቃት በኋላም የሙያ ብቃት ፈተና አለ፤ ከፈተናው ወዲያም ቅጥር የሚጠብቁ ብዙ ናቸው። ደመወዙ ቶሎ ዕዳ ይከፍላል ለሚል፣ የጤና ባለሙያዎች በ2017 ዓ.ም. ስለ ኑሯቸው ያሰሙትን አቤቱታ ያስታውስ።

ሐሳባችንን አልሸሸግንም፦ ነርስ ትሁን፤ ግን በዚህ ዓመት አይደለም። ክፍሏን ሳትለቅ ወደ ዩኒቨርሲቲዋ ሄዳ የቀረባትን በጽሑፍ ታምጣ። ፊቷ ጠቆረብን፤ ዓመት ለወጣት ረጅም ነው።

እናትየዋ ሦስተኛውን ስኒ ጨርሰው ተነሡ። አምባራቸውን ወደ እጅጌያቸው ሰብስበው «በይ፣ መጀመሪያ ወረቀቱ ይምጣ» አሏት።