ልጅ ሲንቀጠቀጥ ሰዓት እንይ፤ ክብሪት አንጫር

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተረኛ ሆኜ በምሠራበት ድንገተኛ ክፍል አንዲት አያት የ14 ወር የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው እየሮጡ ገቡ። “ዶክተር፣ ልጄ አመለጠኝ!” ይላሉ። ልጁ ግን ይተነፍሳል። ሰውነቱ በትኩሳት ይነዳል፣ እንቅልፍ ተጫጭኖታል። ከአፍንጫው ሥር ቆዳው ተቃጥሏል፤ ድዱም ይደማል። ሲንቀጠቀጥ ጎረቤት ክብሪት እየጫረ አሽትቶታል፣ ሌላው ደግሞ ጥርሱን በማንኪያ ሊያላቅቅ ታግሏል። “ስንት ደቂቃ ቆየበት እማማ?” ብዬ ጠየቅኋቸው። “እንጃ ልጄ፤ እኔን ዓመት ነው የመሰለኝ” አሉኝ።

ልጁ የጆሮ ኢንፌክሽን ነበረበት፤ ታክሞ ድኖ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በዚያ ቀን አካሉን የጎዳው መንቀጥቀጡ ሳይሆን እርዳታችን ነበር። እኔን የሚያስፈልገኝን የደቂቃ መረጃ ግን የያዘልኝ አልነበረም። በዛሬው ጽሑፌ በሕፃናትና በልጆች ላይ ስለሚከሰት መንቀጥቀጥ፣ ስለሚጥል ሕመምና ብዙዎቻችን የአዋቂ ብቻ ስለሚመስለን ስትሮክ እናያለን።

ቡታጅራ የነገረችን

ይህ ጉዳይ ለጉራጌ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ስለ ሚጥል ሕመም በአገራችን ከተሠሩት ቀደምት ሰፊ ጥናቶች አንዱ የተካሄደው ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ በሆነችው በቡታጅራ ዙሪያ፣ በመስቃንና ማረቆ ነው። በነርቭ ሐኪሙ በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የተመራው ቡድን ቤት ለቤት እየዞረ ከ60 ሺህ በላይ ሰዎችን አዳረሰ። ውጤቱ በ1990 እ.ኤ.አ. ሲታተም ከ1 ሺህ ሰዎች 5ቱ ያህል የሚጥል ሕመም እንዳለባቸው አሳየ። ሕመሙ ጎልቶ የታየው ከ10 እስከ 19 ዓመት ባሉት ላይ ነበር። ብዙዎቹ ሥራ ሥር፣ ጸበልና ክታብ ሞክረዋል። በዘመናዊ መድኃኒት የታከሙት ግን 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቃጠሎና ሌላ የአካል ጉዳት የተገኘባቸውም ጥቂት አይደሉም። በቤታችን መሐል የሚነደውን የምድጃ እሳት ለሚያውቅ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው።

ከዚያ ወዲህ ለውጥ አለ። በዚያው በጉራጌ፣ በሶዶ ወረዳ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከወረዳው ጤና ባለሙያዎች ጋር ባካሄዱት ፕሮግራም፣ የሰለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች የሚጥል ሕመምን በጤና ጣቢያ ማከም እንደሚችሉ ታይቷል። ስለዚህ “ይህ የአዲስ አበባ ስፔሻሊስት ጉዳይ ነው” ብሎ ልጅን ቤት ማስቀመጥ ልክ አይደለም። የመጀመሪያው በር ቅርብ ነው።

በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከሚጥል ሕመም ጋር እንደሚኖሩ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። በትክክል ተመርምረው ቢታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ከመንቀጥቀጥ ነፃ ሆነው መኖር ይችላሉ። ከ4 ሕሙማን የአንዱ መነሻም መከላከል የሚቻል ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2022 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው ዕቅድ አገሮች እስከ 2031 ከሕሙማኑ 90 በመቶው ሕመማቸው ሊታከም የሚችል የአንጎል ሕመም መሆኑን እንዲያውቁ፣ 80 በመቶው መድኃኒት እንዲያገኙ፣ ከታከሙት 70 በመቶው መንቀጥቀጡ እንዲቆምላቸው ግብ ተይዟል። ከሦስቱ የመጀመሪያው ማወቅ ነው፤ እሱ ደግሞ ከቤት ይጀምራል።

መንቀጥቀጥ ሁሉ አንድ አይደለም

ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባሉ ልጆች የተለመደው ከትኩሳት ጋር የሚመጣው ነው። አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይቆማል፣ አንጎልን አይጎዳም። ከ3 ልጆች በአንዱ ያህል ሊደገም ይችላል፤ ወደ ሚጥል ሕመም የሚያመራው ግን ጥቂቱን ብቻ ነው። ቢሆንም ልጁ መመርመር አለበት። ትኩሳቱን ያመጣው ማጅራት ገትር ወይም አንጎል ላይ የወጣ ወባ ሊሆን ይችላልና። በወልቂጤ ዙሪያና ወደ ጊቤ ሸለቆ ባለው ቆላ ለምንኖር ወባ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያዎቹ 10 ወራት ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። አጎበር የልጅን አንጎልም ይጠብቃል የምለው ለዚህ ነው።

አዲስ የተወለደ ሕፃን ግን እንደ ትልቅ ልጅ አይንፈራገጥም። ዓይኑ ወደ አንድ ጎን ፈጦ ይቀራል፣ ከንፈሩን ያጣጥማል፣ እግሩን ብስክሌት እንደሚነዳ ያንቀሳቅሳል፣ ወይም ትንፋሹ ቆም ይላል። እጁ ሲርገበገብ ቀስ ብላችሁ ያዙት። ስትይዙት ከቆመ ብዙ ጊዜ ተራ መርገብገብ ነው፤ ተይዞም ከቀጠለ ግን መንቀጥቀጥ ሊሆን ስለሚችል ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ውሰዱት። መነሻው በምጥ ወቅት መታፈን፣ የደም ስኳር ማነስ፣ ኢንፌክሽን ወይም ስትሮክ ሊሆን ይችላል። በጤና ተቋም መውለድ፣ በተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ጡት ማጥባትና ሰውነቱ ቢጫ የሆነን ሕፃን ፀሐይ በማሞቅ ብቻ ቤት አለማቆየት የአንጎል ጉዳትን ይከላከላሉ።

ስትሮክ ልጅንም ይይዛል

ስትሮክ ወደ አንጎል የሚሄድ ደም ሲዘጋ ወይም የደም ሥር ሲፈነዳ የሚመጣ ነው። በሕፃን ላይ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በተወለደ በቀናት ውስጥ በሚመጣ መንቀጥቀጥ ነው። አንዳንዱ ግን ምንም ሳያሳይ ያልፍና ከወራት በኋላ ይገለጣል። አንድ ዓመት ሳይሞላው አንድ እጁን ብቻ የሚጠቀም፣ ሌላውን ጨብጦ የሚይዝ ሕፃን ስታዩ “ግራኝ ሊሆን ነው” ብላችሁ አትለፉት። በዚያ ዕድሜ ልጅ ሁለቱንም እጁን ነው የሚዘረጋው። በጊዜ የተጀመረ የፊዚዮቴራፒ ሕክምና ብዙ ይረዳል።

በትልልቅ ልጆች ላይ የፊት መጣመም፣ የአንድ ጎን እጅና እግር መድከም፣ አንደበት መያዝ ወይም ከባድ ድንገተኛ ራስ ምታት ከታየ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። አብሮ የተወለደ ወይም በጉሮሮ ሕመም ሰበብ የመጣ የልብ ሕመም፣ ማጅራት ገትር፣ ብርቱ የፈሳሽ እጥረትና የራስ ወይም የአንገት ጉዳት ከመነሻዎቹ መካከል ናቸው። የልጅን የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ማሳከም ለልብም ለአንጎልም ነው።

ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

ልጁ ሲንቀጠቀጥ በመጀመሪያ ሰዓት ተመልከቱ። ከእሳትና ከስለታም ነገር አርቃችሁ በጎኑ አስተኙት፤ አንገቱ ላይ ያለውን ልብስ አላሉ፤ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ። አፉ ውስጥ ማንኪያ፣ ጣት፣ ውኃም ሆነ መድኃኒት አታስገቡ፤ በኃይል አትያዙት። የክብሪት ጭስ መንቀጥቀጥን አያቆምም። ስልክ ያለው ሰው ቪዲዮ ቢቀርጽ ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው።

ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ከተደገመ፣ ትንፋሹ ካስቸገረ፣ ከቆመም በኋላ ካልነቃ፣ አንገቱ ከደረቀ፣ እርግብግቢቱ ካበጠ፣ ወይም ልጁ ከ6 ወር በታች ከሆነ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ተቋም ወዲያው ውሰዱት። የረዘመ መንቀጥቀጥ የሚያቆም መድኃኒት አለ፤ ቶሎ ሲሰጥ ይበልጥ ይሠራል።

የሚጥል ሕመም እንዳለበት የተነገራችሁ ልጅ መድኃኒቱን በየቀኑ ይውሰድ። ለዓመታት በስፋት ያገለገለው ፌኖባርቢታል ዋጋው አነስተኛ ነው። “ተሽሎታል” ብሎ በራስ ፈቃድ በድንገት ማቋረጥ ግን ከበፊቱ የባሰ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ጸበልም ዱዓም ከኪኒኑ ጋር አይጣላም፤ የሚጎዳው ኪኒኑን መተው ነው። ሕመሙም በአረፋ ወይም በትንፋሽ አይተላለፍም፤ ልጁ ከትምህርት ቤት አይቅር። ከቤተሰብ ባሻገርም የየወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ድርሻ አለው። እናት ሩቅ መንገድ ተጉዛ ጤና ጣቢያ ደርሳ “መድኃኒቱ አልቋል” ከተባለች የሠለጠነው ባለሙያ ብቻውን ምንም አያደርግም።

መስቀል ሲደርስ ከአዲስ አበባም ከሌላውም ከተማ ወገን ሁሉ ወደ አገር ቤት ይገባል። ስትመጡ የልጃችሁን መድኃኒት ለሚቆይበት ቀን ሁሉ በቂ አድርጋችሁ ያዙ፤ በዓሉ ነው ብላችሁም እንቅልፍ አታሳጡት። ክትፎው ቀርቦ ዘመድ ሁሉ ሲሰበሰብ፣ እንግዳ እንዳያየው ከጓዳ የተቀመጠ ልጅ ካለ ስለ እሱ ጠይቁ። “ሐኪም አይቶታል ወይ?” የሚል የአንድ አጎት ጥያቄ የዚያን ልጅ ሕይወት ሊለውጥ ይችላል።