የጀመዓው ደብዳቤ በአንድ ሰው ላፕቶፕ ላይ አይቅር



የዓመቱ ኃላፊዎች ሲቀያየሩ ማኅተሙ፣ የሂሳብ መዝገቡና የመጻሕፍቱ ቁም ሣጥን ቁልፍ በፊርማ ይተላለፋሉ። ኢሜይሉስ? ብዙ ጊዜ የሚተላለፈው የይለፍ ቃሉ ብቻ ነው። አዲሱ ጸሐፊ አካውንቱን ሲከፍት ግን ባዶ ኢንቦክስ ሊጠብቀው ይችላል። ለኢፍጣር ድጋፍ የጠየቅናቸው ሰዎች የሰጡት መልስ፣ ስለ አዳራሽ ፈቃድ የተጻጻፍነው፣ ሁሉም የለም። ይህ እንዲሆን ማንም በክፋት መሰረዝ አያስፈልገውም። የቀድሞው ጸሐፊ አካውንቱን ላፕቶፑ ላይ ሲያስገባ "ፖፕ" የሚለውን መርጦ ከሆነ ይበቃል።

ፖፕና አይማፕ ኢሜይል ከሰርቨር ወደ መሣሪያችን የሚደርስባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው። በብራውዘር ብቻ ለሚጠቀም ሰው ጥያቄው አይነሳም። ተንደርበርድን፣ አውትሉክን ወይም የስልኩን የኢሜይል መተግበሪያ ለሚጠቀም ግን ይነሳል፤ አብዛኛው ሰውም ሳያነብ አልፎት ይሄዳል።

ፖፕ መጀመሪያ የተነደፈው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ኮምፒውተር በስልክ መስመር ለጥቂት ደቂቃ ተገናኝቶ ደብዳቤውን አውርዶ ይዘጋ ነበር። አሠራሩም እንደ ፖስታ ሣጥን ነው፤ ከፍተህ ያለውን ይዘህ ትሄዳለህ፣ ሣጥኑ ባዶውን ይቀራል። አይማፕን ደግሞ ማርክ ክሪስፒን በ1986 እ.ኤ.አ. በስታንፎርድ ነደፈው። በእርሱ አሠራር ደብዳቤው ሰርቨሩ ላይ እንዳለ ይቆያል፤ እኛ ከስልክም ከላፕቶፕም ገብተን የምናየው ያንኑ አንዱን ነው። አሚሩ ያነበበው ለጸሐፊዋም እንደተነበበ ይታያታል፣ እርሷ የመለሰችውንም እርሱ ያየዋል።

በፖፕ "ቅጂው ሰርቨሩ ላይ ይቅር" የሚል አማራጭ መኖሩን እናውቃለን። ቢሆንም ፖፕ የሚያመጣው ኢንቦክሱን ብቻ ነው። ከላፕቶፑ የላክነው መልስ በአብዛኛው እዚያው ላፕቶፕ ላይ ይቀራል። ሦስት አራት ሰው በሚሠራበት አካውንት ይህ ማለት አንዱ የመለሰውን ሌላው እንደ አዲስ ይመልሳል ማለት ነው።

ኔትወርክ በየጊዜው በሚጠፋበት ግቢ ፖፕ ይሻላል የሚሉ ጓደኞች አሉን፤ ክርክራቸውም ባዶ አይደለም። ደብዳቤው ማሽኑ ላይ ስላለ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። ነገር ግን ተንደርበርድን የመሰሉ ፕሮግራሞች በአይማፕም ቅጂ መሣሪያው ላይ ያስቀምጣሉ። ስለ ዳታ ከሆነ ደግሞ አይማፕ ርዕሱንና የላኪውን ስም ብቻ አስቀድሞ ማምጣት ይችላል፤ ፕሮግራሙን እንዲህ ካስተካከልነው ከባዱ አባሪ ፋይል እስክንከፍተው ድረስ አይወርድም። ፖፕ በእውነት የሚበልጠው በቦታ ጉዳይ ነው። በነፃ የሚሰጠው የጂሜይል ቦታ 15 ጊጋባይት ነው፤ ያውም ከፎቶውና ከድራይቩ ጋር የሚጋራ። ከሞላ አዲስ ደብዳቤ መግባቱ ይቆማል። ለዚህ መፍትሔው የፕሮግራም ፖስተሮችንና ቪዲዮዎችን በየሴሚስተሩ ማጽዳት ነው እንላለን።

የላብ ኮምፒውተር ጉዳይ ከሁሉም ያሳስበናል። እዚያ አካውንት በፖፕ ማስገባት ማለት የአባላትን ስም፣ ስልክና የችግር ደብዳቤ ለቀጣዩ ተቀማጭ ትቶ መነሳት ነው። አይማፕም ቅጂ ሊተው ስለሚችል በላብ ማሽን ላይ ብራውዘር ብቻ እንጠቀም፣ ስንነሳም ዘግተን እንውጣ። ሰው ምስጢሩን የጻፈው ለጀመዓው ነው፤ አማና ነው።

ለተመራቂዎች ግን ሌላ ነገር እንላለን። አይማፕ መጠባበቂያ አይደለም። በስልክ የሰረዛችሁት ከላፕቶፑም ይጠፋል፣ አካውንቱ ሲዘጋም ሰርቨሩ ላይ ያለው አብሮ ይሄዳል። የተቋም አካውንት ደግሞ ከምረቃ በኋላ ሊዘጋ ይችላል። የአማካሪያችሁን አስተያየት፣ የድጋፍ ደብዳቤዎችንና የስኮላርሺፕ መልሶችን ከወዲሁ ወደ ኮምፒውተራችሁ የግል ፎልደር ቅዱ። ፖፕም፣ ቅጂውን ሰርቨሩ ላይ እስካስቀረ ድረስ፣ ለዚህ አንድ ሥራ ያገለግላል።

የጀመዓው አካውንት በየትኛው መንገድ እንደገባ ማየት ቀላል ነው። በገቢ ሰርቨሩ ማስተካከያ ላይ የፖርት ቁጥሩ 993 ወይም 143 ከሆነ አይማፕ ነው፤ 995 ወይም 110 ከሆነ ፖፕ ነው። ፖፕ ሆኖ ከተገኘ ተንደርበርድ ላይ በማስተካከያ ብቻ አይቀየርም፤ ያንኑ አካውንት በአይማፕ እንደገና ማስገባት ያስፈልጋል። ቀድሞ የወረዱት ደብዳቤዎች ከፖፑ ፎልደር ወደ አይማፑ ፎልደር እየተጎተቱ ሲገቡ ወደ ሰርቨሩ ይመለሳሉ። ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ መሠራት ያለበትም የቀድሞው ጸሐፊ ላፕቶፑን ይዞ ከግቢ ሳይወጣ ነው።