የአዋሽ ሸለቆ መስኖ፦ ውሃ ማስገባት ብቻውን አይበቃም

የበጋ መስኖ ስንዴ ልማት ወደ ቆላው በተስፋፋ ቁጥር በአፋር ክልል የሚገኘው የመካከለኛው አዋሽ ሜዳ ትኩረት ይስባል። መሬቱ ለጥ ያለ ነው፤ ወንዙም ቅርብ ነው። ይሁን እንጂ የአፈሩን ጠባይ ሳያውቁ ውሃ መልቀቅ ዋጋ ያስከፍላል።

የሜዳው አፈር አዋሽ ከደጋ ጠርጎ በየዘመኑ ያነጠፈው ደለል ነው። ከወንዙ ዳር አሸዋማው ይበዛል፤ ራቅ ሲል ጎርፉ ረግቶ የተወው መረሬ አፈር ይገኛል። መረሬ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲርስ ያብጣል፤ ስንጥቁ ከተዘጋ በኋላም ውሃን የሚያሰርገው እጅግ በዝግታ ነው።

በዚህ በረሃማ ስፍራ የሚተነው ውሃ ከሚዘንበው በብዙ ይበልጣል፤ ስለዚህ ጨውን አጥቦ የሚያወርድ በቂ ዝናብ የለም። መስኖ ሲበዛ የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ይላል፤ ወደ ላይ የተሳበው እርጥበት ሲተን ጨዉን በገጸ ምድር ላይ ይተዋል። በአሚባራ የጥጥ እርሻዎች ሰፊ መሬት ከምርት ውጭ የሆነው በዚሁ መንገድ ነው።

ስለሆነም የማጠንፈፊያ ቦይ ከመስኖ ቦዩ ጋር አብሮ መታቀድ ይኖርበታል። ጨው በውሃ የሚታጠበው የታጠበው ውሃ መውጫ ሲያገኝ ብቻ ነው። ሶዲየም የበዛበት አፈር ደግሞ በቅድሚያ ጂፕሰም ይሻል። ክፉኛ በተጎዳው ማሳ ላይ ጨው የሚቋቋሙ የመኖ ሣሮችን ማልማት ይቻላል።

ቀድሞ የግጦሽ መሬት የነበረ ሜዳ ታርሶ ጨው ከወረሰው፣ አርብቶ አደሩ ሣሩን፣ አራሹ አዝመራውን፣ ከተሜውም እህሉን ያጣሉ።