በአንድ ቤት ሁለት በዓል ሲገናኝ

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ በዓል ቀን ነው። በዓል ቀላል ነገር መስሎ የሚታያቸው አሉ፤ መሥሪያ ቤት ይዘጋል፥ ባንክ ይዘጋል፥ በግ ይታረዳል፥ ጠላ ይጠመቃል፥ በማግሥቱም ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል ይላሉ። ነገሩ እንዲህ የሚሆነው ግን የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ በዓል የሚያከብር ሲሆን ነው። ክርስቲያንና እስላም በጋብቻና በጉርብትና ተሳስረው በሚኖሩበት አገር በዓልን በደንብ ማክበር ዕውቀትና ጥንቃቄ የሚያሻው ሥራ ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ነው። በዚያ አገር ቱሉ አውሊያ የምትባል ከተማ አለች፤ ቱሉ በኦሮምኛ ኮረብታ፥ አውሊያ በዐረብኛ ቅዱሳን ማለት ነው። በዚያው አገር የቦረና ከተማ መካነ ሰላም አለች፤ ስሟ በግዕዝ የሰላም ስፍራ ማለት ነው። ሁለቱን ከተሞች ስም ብቻ የሰማ ሰው የአገሩን ጠባይ ያውቃል። በዚያ ወንድም ክርስቲያን፥ እኅት እስላም ሁነው ቢገኙ፥ ወይም የልጅ አማት በሌላ ሃይማኖት ያለች ብትሆን የሚያስደንቅ ነገር አይደለም።

ይህም መቀላቀል ሁልጊዜ በፈቃድ ብቻ የመጣ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ከተደረገ በኋላ የወሎ እስላም መኳንንት እንዲጠመቁ በዐዋጅ ታዘዘ፤ የተጠመቀም፥ እንቢ ብሎ የተሰደደም ነበረ። በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት ታላቅ ሰው አስቀድመው መሐመድ ዓሊ ይባሉ እንደ ነበረ የማያውቅ የለም። ዐዋጁ ሃይማኖትን ሊለውጥ ቻለ፤ ዝምድናን ግን ሊቈርጠው አልቻለም። የአንድ አያት ልጆች ሁለት በዓል እያከበሩ መኖር ያዙ።

የመንግሥት ሕግ ግን ለብዙ ዘመን የሚያውቀው የአንዱን ወገን በዓል ብቻ ነበረ። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን እንደ ሆነች ይናገር ነበር፤ ስለዚህ እስላም የሆነ ጸሓፊ በዒድ ቀን ሥራ ይገባ ነበር፥ ወይም ፈቃድ ይለምን ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ሕዝብ የእስላሞችን እኩልነት ለመጠየቅ አደባባይ ወጣ፤ ከጥያቄዎቹም አንዱ በዓላቸው በአገር እንዲታወቅ የሚል ነበረ። በዚያ ሰልፍ ክርስቲያኖችም አብረው ወጥተዋል። በ1967 ዓ.ም. ዒድ አልፈጥር፥ ዐረፋና መውሊድ ከገና፥ ከጥምቀትና ከፋሲካ ጋር የሕዝብ በዓላት ሆኑ፤ ዛሬም እንዲሁ ናቸው።

ሕጉ በዓላቱን በእኩልነት ቢያስቀምጥም፥ ሁለቱ አቈጣጠሮች አይተካከሉም። የእኛ ዓመት በፀሐይ ይቈጠራል፤ የእስላሞች ዓመት በጨረቃ ይቈጠራልና 354 ወይም 355 ቀን ነው። ስለዚህ ዒድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየተመለሰ በ33 ዓመት ገደማ ወራቱን ሁሉ ይዞራል። ፋሲካ ግን በባሕረ ሐሳብ ስለሚወጣ ከጸደይ ወራት አይወጣም። በዚህ ምክንያት በአንድ ዘመን እጅግ የተራራቁት በዓላት በሌላ ዘመን ይገጣጠማሉ። በ2014 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 16 ቀን ሲውል እስላሞች በረመዳን ጾም ላይ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. መውሊድ ከደመራ ጋር በአንድ ቀን ዋለ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ዒድ አልፈጥር መጋቢት 21 ቀን ሲውል ክርስቲያኑ ዐቢይ ጾምን ገና ይጾም ነበር።

እንግዲህ የቤት እመቤት ችግር የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። አንዱ በሚያርድበት ቀን ሌላው ይጾማል፤ ጠሪው ሲጠግብ ተጠሪው ይራባል። የወሎ ወይዛዝርት ግን ለዚህ ከጥንት ጀምሮ መላ አላቸው። ሥጋን በሚመለከት ክርስቲያን ክርስቲያን የባረከውን፥ እስላምም እስላም ያረደውን ይበላልና ቅርጫ አብረው አይገቡም። ስለዚህ ወዳጅን ማክበር የሚወድ ሰው ያረደውን ሥጋ አይልክም፤ በጉን ከነሕይወቱ ይልካል፥ ተቀባዩም እንደ ሥርዓቱ ያርደዋል። ሠርግ የደገሰ ሰው ደግሞ ሁለት ዳስ ይጥላል፤ ለሁለቱም ወገን ከየራሳቸው አራጅ፥ ከየራሳቸው ወጥ ሠሪ ይመድባል፤ ቢላውም ድስቱም አይቀላቀልም።

በመጠጥም እንዲሁ ነው። እስላም እንግዳ የሚመጣበት የክርስቲያን ቤት ከጠላው ሌላ ብርዝ ወይም ቀሪቦ ያዘጋጃል፤ ቀሪቦውም ጠላ በነበረበት እንስራ አይቀዳም። እንግዳው ይህን ባያይ እንኳ አስተናጋጇ ታውቀዋለችና መታመን ማለት ይህ ነው። በዐቢይ ጾም ዒድ ሲውል እስላሚቱ እመቤት ለክርስቲያን ጎረቤቷ ቅቤ ያልነካው ሽሮ፥ ሱፍ ፍትፍት፥ ዳቦና ቡና ታሰናዳለች። በረመዳን ፋሲካ ሲውል ደግሞ ክርስቲያኒቱ ቀን ቀን ለጾመኛ ጎረቤቷ ብሉልኝ ጠጡልኝ አትልም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ለማፍጠሪያ የሚሆን ቴምርና ትኩስ ሾርባ ትልካለች። አፍ በጾም በተዘጋበት ሰዓት ለምኖ ማስቸገር አክብሮት መስሎ ሊታይ ይችላል፤ በእውነቱ ግን ድፍረት ነው።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ለወግ ማሳመር ብቻ አይደለም። ከላይ ባነሣነው በ2014 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ቀን፥ ሚያዝያ 18፥ በጎንደር ከተማ በአንድ ታላቅ ሼህ ቀብር ላይ ጠብ ተነሥቶ ብዙ ሰው ሞተ፤ ወዲያውም በስልጤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። በዓልና ጾም በተገናኙበት ሳምንት፥ ይልቁንም በመቃብር ስፍራ እንዲህ ያለ ነገር መድረሱ ልብ የሚሰብር ነው። በወሎ ደግሞ ሁለቱን ወገኖች አጥብቆ ያሰረው ማኅበር የመቃብሩ ማኅበር ነው። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎዬ ቅሬ ይለዋል፤ በብዙ መንደር እስላምና ክርስቲያን በአንድ ቅሬ ይገባሉ፥ አንዱ የሌላውን መቃብር ይቈፍራል፥ ለቅሶ ቤትም አብሮ ይቀመጣል። በበዓል ቀን የማይጠያየቁ ሰዎች ግን በሞት ቀን በአንድ ቅሬ ሊቆሙ አይችሉም። የበዓሉ ቡና የሚፈላው ለዚያ ለክፉው ቀን ጭምር ነው።

በሌላም አገር ይህን ያሰቡ አሉ። የሊባኖስ መንግሥት በ2002 ዓ.ም. መልአኩ ማርያምን ያበሠረበትን ቀን እስላሞችና ክርስቲያኖች በአንድነት የሚያከብሩት የአገር በዓል አድርጎ ደንግጓል። ማርያም በወንጌልም በቁርኣንም የከበረች ናትና የተመረጠው ቀን ተገቢ ነበር።

አሁን ለመሥሪያ ቤት ሹማምንትና ለቤት ጌቶች የምንመክረውን በአጭሩ እንናገር።

አንደኛ፤ የረመዳን ወር 29 ወይም 30 ቀን ስለሚሆን ዒድ የሚውልበት ቀን ጨረቃ እስክትታይ ድረስ በእርግጥ አይታወቅም። ስለዚህ ጉባኤም ሆነ የባለጉዳይ ቀጠሮ በሚጠረጠሩት በሁለቱም ቀኖች ላይ አይያዝ። ከሩቅ ቆላ ሁለት ቀን በእግሩ ተጕዞ የመጣ ገበሬ የተዘጋ በር ካገኘ ለእርሱ በዓሉ በዓል አይደለም።

ሁለተኛ፤ የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ፥ ቁጥር 1156፥ በሕዝብ በዓል ቀን የሠራ ሠራተኛ በሰዓት ደመወዙ እጥፍ እንዲከፈለው ያዛል፤ የወር ደመወዝተኛውም በዓል ስለ ዋለ ደመወዙ አይቀነስበትም። የቀን ሞያተኛ ግን ካልሠራ አያገኝም። ግንበኛ ወይም ዕንጨት ፈላጭ የሚያሠራ ሰው የበዓሉን ዋዜማ ዐስቦ ሒሳቡን አስቀድሞ ይስጥ።

ሦስተኛው ከሁሉ ይብሳል። ያ ዐዋጅ የቤት ሠራተኞችን አያጠቃልልም፤ ስለዚህ የገረዲቱ በዓል የሚከበረው በእመቤቲቱ ኅሊና ብቻ ነው። በክርስቲያን ቤት የምታገለግል እስላም ልጅ በዒድ ቀን የጌቶቿን ዕቃ ስታጥብ፥ በእስላም ቤት ያለች ክርስቲያን ልጅም በፋሲካ ሌሊት ሕፃን ስታዝል አይተናል። ጌቶቹ የሌላውን ሃይማኖት በአደባባይ ቢያመሰግኑ፥ በማጀታቸው ግን ይህን ቢያደርጉ ምስጋናቸው ከንቱ ነው። ልጅቱ ከዋዜማው ጀምሮ ወደ እናቷ ትሂድ፤ ለእናቷም ስኳርና ቡና ትያዝላት። በዚያች ቀን እመቤቲቱ ራሷ ቡናውን ብታፈላ ክብሯ አይጐድልም።

የራሱን በዓል ማክበር ለማንም አይከብድም። የሰው ጨዋነት የሚለካው በሌላው በዓል ቀን በሚያደርገው ነገር ነው። መካነ ሰላም ስሟን የያዘችው ሰዎቿ በየዓመቱ ሲጠያየቁ ስለ ኖሩ ነው ብንል ስሕተት አይሆንብንም። ስለዚህ፥ ክቡራን አንባቢዎች፥ በሚመጣው በዓል በዚያ ቀን የማያከብረው ጎረቤታችሁ ማን እንደ ሆነ አስቀድማችሁ ዐስቡ። እግዚአብሔር ሁላችንንም በየበዓላችን በሰላም ያድርሰን።