አድሬናሊን ቀፎ ባለበት ሁሉ ይድረስ

በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ በሆነችው ኢትዮጵያ፣ ንብ ሲነድፋቸው አናፊላክሲስ የተባለው ብርቱ አለርጂ ለሚነሳባቸው ሕፃናት አድሬናሊን የሚባለው መድኃኒት በቅርብ ሊገኝ ይገባል። የመተንፈሻ አካል እብጠትና የደም ግፊት መውረድ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ስለሚችል ሩቅ ሆስፒታል እስኪደረስ መጠበቅ አደገኛ ነው፤ የአለርጂ ኪኒንም ማሳከኩን ቢያስታግስ እንጂ አድሬናሊንን አይተካም።

ችግሩ የሚደርሰው በጥቂቶች ላይ ነው የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል። እርግጥ ነው፣ አብዛኞቹ ሕፃናት ሲነደፉ ከሕመምና ከእብጠት የከፋ ነገር አይገጥማቸውም። ሆኖም መድኃኒቱ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ፣ በተራ መርፌ ጭን ላይ የሚወጋና ዋጋው የማይከብድ በመሆኑ፣ የተጠቂዎቹ ማነስ ለቸልተኝነት ምክንያት አይሆንም። ስለዚህ ጤና ጣቢያዎች አድሬናሊን ሳያጓድሉ ይያዙ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና መምህራንም ምልክቶቹን ለይተው ፈጥነው እንዲደርሱ ይሠልጥኑ።