ከፌሮው በፊት አፈሩ ይታይ



በየሰፈሩ የመስጂድ አሠሪ ኮሚቴ ሲቋቋም የመጀመሪያው ወሬ ሲሚንቶና ፌሮ ነው፤ ቀጥሎ የሚናራው ቁመት። አፈሩን የሚያስታውስ የለም። አንድ ሰው «ምርመራ ይደረግ» ካለ «የሰው ሰደቃ ጉድጓድ ለመቆፈር ይውጣ?» ይባላል። እኔ ግን ሰደቃው አማና ስለሆነ ነው መጀመሪያ ለዚያ መውጣት ያለበት ባይ ነኝ።

ሮቢት ያለችበት የቆቦ ሜዳ በምሥራቅ የዞብል፣ በምዕራብ የላስታ ተራሮች ያቀፉት ሸለቆ ነው። የሞላውም ጎሊናና ሆርማትን የመሰሉ ወንዞች ከምዕራቡ ተራራ ጠርገው ባመጡት ደለል ነው። ጎርፍ ከባዱን ቶሎ ይጥላል፣ ቀላሉን ርቆ ይወስዳል። ስለዚህ ከተራራው ሥር ጠጠርና አሸዋ፣ ወደ ሜዳው መሀል ደግሞ ደቃቅ ጭቃና ዋልካ ይበዛል። ወንዝ መንገዱን ስለሚቀያይር በአንድ ግቢ እንኳ አንዱ ጥግ አሸዋ፣ ሌላው ዋልካ ሊሆን ይችላል። «የጎረቤት ቤት ቆሟልና የእኛም ይቆማል» የሚለው እዚህ አያዋጣም።

ዋልካን ያረሰ ሁሉ ያውቀዋል። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲጠግብ ያብጣል። ሲያብጥ ከላዩ ያለውን ያነሳል፣ ሲደርቅ ይለቀዋል። ክፋቱ ሁሉም ጎን እኩል አለመነሳቱ ነው። እስቲ የውዱእ ቦታችንን እናስብ። ብዙ ጊዜ ከመስጂዱ ግድግዳ ጋር ተለጥፎ ይሠራል፤ ውሃው በቀን አምስት ጊዜ እዚያው ሥር ይሰርጋል። ያ ጎን ዓመቱን ሙሉ ርጥብ፣ የቂብላው ጎን ደረቅ። ዋልካ ላይ ከሆነ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይቀመጣል፤ ስንጥቁ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ይወጣል። እኛም ረመዳን በመጣ ቁጥር በቀለም እንሸፍነዋለን። ቀለም ቀቢው ምን ያድርግ!

ምርመራው ተአምር አይደለም። ባለሙያው በግቢው የተለያዩ ጥጎች ጉድጓድ አስቆፍሮ ንብርብሩን ያያል፣ ናሙናውን ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። ፎቅና ሚናራ ከታሰበ በማሽን ይቦረቦራል። 63.5 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እየተለቀቀ ቱቦው 30 ሴንቲ ሜትር እስኪገባ የፈጀው ምት ይቆጠራል። ምቱ ባነሰ ቁጥር መሬቱ ልል ነው። ሚናራ ያን ሁሉ ክብደቱን በጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያሳርፍ ይህ ቁጥር የግድ ያስፈልገዋል።

ውሃውስ? በሸለቆው ለመስኖ የተቆፈሩትን ጥልቅ ጉድጓዶች አይተን «ውሃው ሩቅ ነው» እንላለን። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት የተቆፈሩት ውሃ የሚስቡት ከታች ካለው አሸዋና ጠጠር ነው። መሠረትን የሚያሰጋው ግን ውሃ የማያሳልፍ የጭቃ ንብርብር ላይ የሚጠራቀመው የክረምት ውሃ ነው። በግንቦት ደረቅ የነበረ ጉድጓድ መስከረም ላይ ውሃ ቋጥሮ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ከተቦረቦረው ውስጥ ቱቦ ተትቶ ክረምቱ ሲወጣ እንደገና ቢለካ ይሻላል። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የት እንደሚሆንና ምን ያህል እንደሚጠልቅም የሚወሰነው በዚሁ ነው፤ የሚጠጣ ውሃ የሚቀዳበት ጉድጓድ ቅርብ ከሆነማ ነገሩ የጤናም ጉዳይ ነው።

በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ሲመድብ ለሕዝብ መሰብሰቢያ የሚውሉትን ጥብቅ በሆነው «ሐ» ምድብ አስገብቷቸው ነበር። ከሕጉም በፊት የሱረቱ ተውባህ 109ኛ አያ ጎርፍ ሥሩን በበላው አፋፍ ላይ ስለተሠራ ሕንፃ ያነሳል። መልእክቱ ስለ ኒያ ነው፤ ምሳሌውን ግን የጎሊናን ዳር ያየ ሰው ማብራሪያ ሳይጠይቅ ይረዳዋል።

አፈሩ መጥፎ ሆኖ ቢገኝ መስጂዱ ይቀራል ማለት አይደለም። ዋልካው ወጥቶ ገረጋንቲ በየንብርብሩ እየተጠቀጠቀ ይሞላል፣ ወይ መሠረቱ ጠንካራው አፈር ድረስ ይወርዳል፣ ወይ ሕንፃው በዚያው ግቢ ወደ ተሻለው ጥግ ይዛወራል። ይህ ሁሉ ፌሮ ሳይታሰር ርካሽ ነው። የኮሚቴው ገቢና ወጪ ከጁምዓ በኋላ ለጀማዓው ሲነበብ የአፈሩም ውጤት አብሮ ይነበብልን።