የተቋጨው ጫፍ

ባለፈው ወር ስለ ሕዋስ መከፋፈል በማስተምርበት ክፍል አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ሕዋስ እየተከፋፈለ የሚታደስ ከሆነ አያቴ ለምን አረጁ?» ስትል ጠየቀችኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ቀደም ባለው ዘመን ሳይንቲስቶች በብልቃጥ የሚያድግ ሕዋስ ያለ ገደብ ይከፋፈላል ብለው ያምኑ ነበር። በ1961 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ሊዮናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ ጤናማ የሰው ሕዋስ 50 ጊዜ ያህል ከተከፋፈለ በኋላ እንደሚያቆም አሳዩ። የሚገርመው ደግሞ መሐል ላይ በቅዝቃዜ አቆይተው ቢመልሱት፣ ካቆመበት ቀጥሎ ያንኑ ቁጥር ይሞላል። ታዲያ ቆጣሪው የት ነው?

እናቶቻችን የጋቢን ጫፍ የሚቋጩት እንዳይተረተር ነው። የክሮሞሶምም ጫፍ ቴሎመር በሚባል ክፍል የተቋጨ ነው። ኤልሳቤጥ ብላክበርንና ጆሴፍ ጎል በኩሬ ውኃ የሚኖረውን ቴትራሃይሜና የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት መርምረው፣ ጫፉ አንዲት አጭር የፊደላት ሐረግ እየደጋገመ የተሠራ መሆኑን በ1978 አሳወቁ። የሰው ሐረግ ቲቲኤጂጂጂ ነው። ዲ ኤን ኤን የሚገለብጠው መሣሪያ የመጨረሻዋን ጫፍ መገልበጥ ስለማይችል፣ ሕዋሱ በተከፋፈለ ቁጥር ከ50 እስከ 200 የሚሆኑ ፊደላት ይጎድላሉ። ቁጭቱ በጣም ሲያጥር ሕዋሱ መከፋፈሉን ይተዋል።

«እንግዲያው እናስረዝመው!» አለ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ። ማስረዘሚያውማ አለ። ብላክበርንና ተማሪዋ ካሮል ግሬይደር በ1984 ያገኙት ቴሎሜሬዝ የተባለ ኢንዛይም ያጠረውን ጫፍ መልሶ ይቀጥላል። ለዚሁ ሥራ ከጃክ ሾስታክ ጋር በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ኢንዛይሙ ለዘር በሚሆኑት ሕዋሳት ውስጥ ስለሚሠራ፣ የሽማግሌ ልጅ ሽማግሌ ሆኖ አይወለድም።

ነገር ግን በአብዛኞቹ የአካላችን ሕዋሳት ውስጥ ኢንዛይሙ ተዘግቷል፤ መዘጋቱም ይጠቅመናል። ከ10 የካንሰር ዓይነቶች ወደ 9 በሚጠጉት ውስጥ የታመመው ሕዋስ ይህንኑ ኢንዛይም ከፍቶ ነው ያለ ገደብ የሚባዛው። የሚያስረጀን ገደብ ከዕጢም ይጠብቀናል ማለት ነው። ደግሞም የቤተ ሙከራ አይጥ ቴሎመር ከእኛ በብዙ እጥፍ ይረዝማል፤ ዕድሜዋ ግን ሁለት ሦስት ዓመት ነው። ስለዚህ ዛሬ ዛሬ «ቴሎመር አስረዝሞ ወጣት ያደርጋል» እየተባለ የሚሸጠውን እንክብል ገንዘብ ያለውም ባይገዛው ይሻላል ባይ ነኝ።

በዕረፍት ሰዓት ልጅቷ ብቻዋን መጣች። «አያቴ አሁን ስሜን ይረሳሉ» አለችኝ። የአንጎል የነርቭ ሕዋሳት አብዛኞቹ ከተወለድን በኋላ አይከፋፈሉም፤ ስለዚህ በመከፋፈል አያጥሩም፤ ሆኖም ያረጃሉ። ለዚህኛው ጥያቄዋ ቴሎመር መልስ እንደማይሆን ነገርኳት።